ሌዘሩ ለጥርሱ፣ እንጨቱ ለአናጺው

የተከበራችሁ የቆቦና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ በሸማ ሥራ ዕድሜያችሁን የገፋችሁ አባቶች፣ እንዝርት ከእጃችሁ ያልተለየ እናቶች፣ መምህራንና ሠልጣኞች፤

የዛሬው ነገሬ ስለ አንዲት ትንሽ የሽመና ዕቃ ነው። ርዝመቷ ከክንድ አይበልጥም፤ ጭን ላይ ትቀመጣለች። ሥዕሏ በኮምፒውተር ይነደፋል፣ የሌዘር መቁረጫ ደግሞ ከኮምፔንሳቶ ይቆርጣታል። በሌላው ዓለም ትምህርት ቤቶችና የእጅ ሥራ ማሠልጠኛዎች ከለመዷት ሰንብተዋል። በአገራችንም አዲስ አበባ ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳና የሠርግ ጥሪ በሌዘር የሚቆርጡ ቤቶች አሉ። እንግዲህ «ይህችን ዕቃ ቆቦ ብናመጣትስ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መልሴን ሳላንዛዛ ልንገራችሁ። እናምጣት፤ ነገር ግን እንዳለች አንገልብጣት። ሌዘሩ ሰው በእጁ ሊሠራው የሚቸግረውን ጥርስ ብቻ ይቁረጥ። እንጨቱን የቆቦ አናጺ ይሥራው። ትምህርቱን ሸማኔው ይስጥ። ገበያውን ደግሞ የልጃገረዶቹ በዓል ሶለል ያምጣልን። ቀሪው ንግግሬ ለዚህ ሐሳብ ማስረጃ ማቅረብ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። የአገራችን ሸማኔ ጉድጓድ ቆፍሮ እግሩን ከጉድጓዱ ከትቶ ይቀመጣል። መርገጫውን ሲረግጥ ድሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች ይሄዳል። በተከፈተው መሐል መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ይልካል። ቀሰሙ ላይ የተጠቀለለው ማግ እየተፈታ ያልፋል። ያለፈውን ማግ ወደ ራሱ ስቦ ይመታል፣ ሌላውን መርገጫ ይረግጣል፣ መልሶ ይወረውራል። ዕቃው በአብዛኛው ከእንጨት፣ ከመቃና ከገመድ የተሠራ ነው። መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም።

ይህን ሥራ ብንፈታው አራት ነገር እናገኛለን። ድርን መወጠር፣ ድርን መክፈል፣ ማግን ማሳለፍ፣ ማግን መምታት። ከጉድጓዱ ሸማኔ ዕቃ ጀምሮ በደርግ ዘመን ኮምቦልቻ ላይ እስከ ተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽን ድረስ፣ ሁሉም የሚሠራው እነዚህኑ አራቱን ነው። ልዩነቱ ፍጥነቱና ጉልበቱ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ አዲስ የሽመና ዕቃ ሲመጣ «ያምራል ወይ?» ብለን አንጠይቅ። «ከአራቱ ሥራ የትኛውን በደንብ ይሠራል?» ብለን እንጠይቅ።

ትንሿ የሌዘር ፍሬም በዚህ ጥያቄ ስትመዘን እንዲህ ናት። አራት ማዕዘን ሆና፣ ከላይና ከታች ጠርዟ ላይ ጥርስ ወጥቶላታል። ድሩ ከላይኛው ጥርስ ወደ ታችኛው እየተመላለሰ ይወጠራል። ስለዚህ መወጠሩን ትሠራለች። መክፈሉን ግን አትሠራም። ልጁ በመርፌ ወይም በቀጭን እንጨት አንዱን ድር ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች እያለ ማጉን ይሰገስጋል። ይህ ልጆች ድርና ማግ እንዴት እንደሚያያዝ በዓይናቸው እንዲያዩ ግሩም ነው። ለእንጀራ ግን አይሆንም። የዕለት ሥራው ከእጅ መዳፍ አያልፍም፤ የጨርቁም ቁመት ከፍሬሙ ቁመት አይዘልም። እንዲያውም 40 ሳንቲ ሜትር ቁመት ካለው ፍሬም ላይ ጨርቁ ሲወርድ ያጥራል፤ መጨረሻው ላይም ለመርፌው ቦታ ስለሚጠብ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ባዶ ይቀራል።

ሌላም ችግር አለ። 50 ድር ተወጥሮ እያንዳንዱ 100 ግራም ያህል ቢስብ፣ በአንድ ላይ 5 ኪሎ ይሆናል። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ይህን ሸክም ሲሸከም መሐሉ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ያን ጊዜ የመሐሉ ድር ይረግባል፣ የዳርና ዳሩ እንደተወጠረ ይቀራል፤ ጨርቁም ይጣመማል። ብዙ ጀማሪ ስህተቱ ከእጁ የመጣ ይመስለውና ተስፋ ይቆርጣል። ጥፋቱ ግን የእንጨቱ ነው። መፍትሔው ሁለት ንጣፍ አጣብቆ ማወፈር ወይም ከነጭራሹ ፍሬሙን ለአናጺ መስጠት ነው። አራት ጠንካራ እንጨት በሚስማርና በሙጫ ገጥሞ፣ ላዩ ላይ በ5 ሚሊ ሜትር ልዩነት ትንንሽ ሚስማር መምታት ለአናጺ ምኑም አይደለም። ለዚህ ሥራ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ካለ ከተማ የሌዘር ፍሬም ማስጫን አያስፈልግም።

እንግዲህ ሌዘሩ ለምን ይጠቅማል? ለድር መክፈያው። ይህ በጣም ቀላል የሆነ፣ በብዙ አገር ከጥንት የሚታወቅ መሣሪያ ነው። ትንሽ ሰሌዳ አስቡ። ሰሌዳው ላይ ቀጥ ያሉ ረዣዥም ስንጥቆች ተደርድረዋል፤ በሁለት ስንጥቅ መካከል ያለው እንጨት ደግሞ መሐሉ ላይ አንድ ቀዳዳ አለው። አንዱ ድር በስንጥቅ፣ ቀጣዩ ድር በቀዳዳ ያልፋል። ሰሌዳውን ወደ ላይ ስታነሡት በቀዳዳው ያለፈው ድር አብሮ ይነሣል፤ በስንጥቁ ያለፈው ባለበት ይቀራል። ወደ ታች ስትጫኑት በቀዳዳው ያለው ይወርዳል፤ የስንጥቁ አሁንም ባለበት ነው። ሁለቱ መርገጫዎች የሚሠሩትን ይህ አንድ ሰሌዳ በእጅ ሠራው ማለት ነው። ወደ ራሳችሁ ስትስቡት ደግሞ ማጉን ይመታል።

ይህን ሰሌዳ በመጋዝ ለመሥራት የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ስንጥቆቹ ከሁለቱም ጫፍ የተዘጉ ናቸው፤ ርቀታቸው እኩል መሆን አለበት፤ ጠርዛቸው ሸካራ ከሆነ ድሩን ይበጥሳል። አንድ ሰሌዳ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ቢኖረው፣ በ5 ሚሊ ሜትር ልዩነት 32 ስንጥቅና 32 ቀዳዳ ይይዛል። ስንጥቁ 6 ሳንቲ ሜትር ቢረዝም፣ የሌዘሩ ጨረር ለስንጥቆቹ ብቻ ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይጓዛል። ሰው ይህን በእጁ ቢቆርጥ ቀኑ ያልቃል፤ ሌዘሩ ግን በደቂቃዎች ይጨርሳል። ሁለተኛውም ሰሌዳ ከመጀመሪያው በአንዲት ክር እንኳ አይለይም። ሌዘሩ ለጥርሱ ያልሁትም ይህን የስንጥቅ ድርድር ማለቴ ነው።

ስሌቱንም በሉህ እንየው። የኮምፔንሳቶ ሉህ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ነው። 30 በ40 የሆነ ፍሬም ከአንድ ሉህ 24 ይወጣል። 10 በ20 የሆነ ድር መክፈያ ግን 144 ይወጣል። ፍሬሙን ለአናጺው ትተን ሉሁን ለድር መክፈያ ብናደርገው፣ ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ብቻ ይበቃ የነበረው እንጨት ለብዙ ክፍሎች ተረፈ ማለት ነው። ፍሬሙንም በሌዘር እንቁረጥ ለሚል ደግሞ፣ የፍሬሙ ሆድ አይጣል። ጎኑ 4 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከሆዱ ሦስት ድር መክፈያ ይወጣል።

አሁን ለቆቦ የሚስማማውን አሠራር ልንገራችሁ። ድር መክፈያው ካለ ፍሬም ጨርሶ ላያስፈልግ ይችላል። 4 ሜትር ያህል የሚረዝም ድር አድሩ፤ በድር መክፈያው ስንጥቅና ቀዳዳ አሳልፉት፤ አንዱን ጫፍ ከምሰሶ ወይም ከዛፍ እሰሩት፤ ሌላውን ጫፍ ከወገባችሁ ላይ በመታጠቂያ እሰሩት። ወደ ኋላ ዘንበል ስትሉ ድሩ ይወጠራል፤ ወደ ፊት ስትጠጉ ይላላል። የሰው ገላ ራሱ ፍሬም ሆነ። በዚህ አሠራር የሚወጣው ጨርቅ ጠባብ ነው፤ 64 ድር ያለው እንደ ክሩ ውፍረት ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ርዝመቱ ግን ለመቀነት ይበቃል። በቀዳዳው ነጭ፣ በስንጥቁ ቀይ ክር ብታሳልፉ፣ ሰሌዳውን ባነሣችሁና በጫናችሁ ቁጥር ነጭና ቀይ መስመር አግድም እየተፈራረቀ ይወጣል። ቀለሞቹን እየቀያየራችሁ ስትደረድሩ ደግሞ ጥለቱ ይለወጣል። ይህን ልጅ በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል።

ይህን ጠባብ ሽመና የሚንቅ ሰው ካለ ታሪክ ይመልስለት። ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ከጎንደር ዘመን የተረፈ የቤተ ክርስቲያን የሐር መጋረጃ አለ። ቁመቱ ከ5 ሜትር በላይ ነው፤ ሦስት ረዣዥም ንጣፍ አለው፤ ሰዎችም ተሸምነውበታል። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር እዚሁ ወሎ ውስጥ መቅደላን ከያዘ በኋላ ነው ወደዚያ የሄደው። ይህ ታላቅ ሥራ የተሠራው አራት ማዕዘን በሆኑ፣ በማዕዘናቸው ቀዳዳ ባላቸው፣ መዳፍ ውስጥ በሚገቡ ትንንሽ ካርዶች ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ካርዶች ተደርድረው፣ ሸማኔው እያዞራቸው ድሩን ይከፍል ነበር። ይህን የመሰለ የካርድ ሽመና በዓለም ላይ በስፋቱ አቻ የለውም። ካርዱን ዛሬ ከወፍራም ካርቶን በመቀስም፣ በሌዘርም መቁረጥ ይቻላል። የጎደለን ካርዱ አይደለም፤ አዟዟሩን የሚያውቅ እጅ ነው።

ስለ ሌዘሩም ጥቂት ልበል፤ ሠልጣኞቹ ይህን ትጠብቃላችሁና። ለእንጨት በአብዛኛው የሚያገለግለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ኩማር ፓቴል የተባለ ትውልደ ሕንድ ሳይንቲስት አሜሪካ ውስጥ በቤል ላቦራቶሪ ፈለሰፈው። ጨረሩ እንጨቱን አቃጥሎ ነው የሚቆርጠው፤ ስለዚህ በሄደበት መስመር ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ይበላል። ሁለት ክፍል የሚገጣጠምበትን ቦታ ስትነድፉ ይህን ቀንሱ፤ አለዚያ መገጣጠሚያው ይላላል። ኮምፔንሳቶው 3 ሚሊ ሜትር ነው ቢባልም በመለኪያ ለኩት፤ ከሉህ ሉህ ይለያያል። እንደ ቆቦ ባለ ሙቀታም ቆላ ደግሞ ከደጋ የመጣ እንጨት ይደርቃል፣ ይኮማተራል። ስለዚህ ሉሁ ከመቆረጡ በፊት ሥራው በሚሠራበት ቦታ ጥቂት ቀን ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀመጥ።

ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቁት ጥላሸቱን ነው። የተቃጠለው ጠርዝ ይጠቁራል፤ የእኛ ሸማ ደግሞ ነጭ ነው። ሳይጸዳ ድር ካለፈበት ነጩ ክር ይቆሽሻል፤ ታጥቦም በቀላሉ አይለቅም። እያንዳንዱ ስንጥቅ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይታሽ፤ በጨርቅ ይወልወል፤ በመጨረሻ ሰም ይቀባ። ሰሙ ጥላሸቱን ይይዛል፣ ክሩንም ያንሸራትታል። አንድ ነገር ደግሞ በፍጹም እንዳትሞክሩ፤ ፒቪሲ ፕላስቲክ ሌዘር ውስጥ አታስገቡ። ሲቃጠል ክሎሪን ያለበት ጭስ ያወጣል፤ ጭሱ ሳንባን ይጎዳል፣ ማሽኑንም በአሲድ ያበላሸዋል። ኮምፔንሳቶም ቢሆን ጭሱን ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ ሳይኖር አይቆረጥም።

ወደ ክሩ እንምጣ። ጥሩ ዕቃ ሠርቶ በማይሆን ክር ማድራት ድካም ነው። ድር ሁሌም ይሳባል፣ ይፋተጋል፤ ስለዚህ ጠንካራና እኩል መሆን አለበት። ብዙ የአገራችን ሸማኔ ለድሩ የፋብሪካ ክር፣ ለማጉ የእጅ ፈትል የሚጠቀመው በዚህ ምክንያት ነው። በትንሿም ዕቃ ይህን ሥርዓት ጠብቁ። በመቀነት ሽመና ላይ ግን ልብ በሉ፤ በሚታየው ፊት ላይ ጎልቶ የሚወጣው ድሩ ነው፤ ማጉ ውስጥ ይቀበራል። ስለዚህ የእናቶችን ፈትል ሰው እንዲያየው ከፈለግን ለፍሬሙ ሥራ እናውለው። ፍሬሙ ላይ ድሩ ራቅ ራቅ ብሎ ስለሚወጠር ማጉ ይታያል። ባዘቶውን በደጋን የነደፈች፣ በእንዝርት ያከረረች እናት የሠራችው ፈትል ያለው መልክ የፋብሪካ ክር የለውም።

አሁን ከዕቃው ወደ ሰው ልሻገር፤ የንግግሬም ዋና ጉዳይ ይኸው ነው።

በአገራችን ልማድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ጉድጓዱ፣ መርገጫውና መወርወሪያው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ሲተላለፍ ኖረ። ያም ሆኖ ሸማኔው በሚያለብሰው ሕዝብ ሲናቅ ኖሯል። «ቁጢት በጣሽ» የሚል ስድብ ወጥቶለት ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማወጅ የደረሱት ነገሩ ሥር ስለ ሰደደ ነው። አዋጁ ከታወጀ መቶ ዓመት አልፎታል። ዛሬ ስድቡ በአደባባይ አይሰማም ይሆናል፤ ግን ስንቱ ሸማኔ ነው ልጁ ሸማኔ እንዲሆን የሚመኝ? ስንቱ ትምህርት ቤት ነው ሸማኔን ጠርቶ «መምህር» ያለው?

ትንሿ ዕቃ እዚህ ላይ ትጠቅመናለች። ጉድጓድ አትፈልግም፤ ሴት ልጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትሠራባታለች። የእናቷን ፈትል ራሷ ትሸምናለች። ወንዱም ሴቷም በአንድ ክፍል ይማሩባታል። ነገር ግን የሚያስተምራቸው ማን ነው? ሥዕሉን በኮምፒውተር የነደፈው ወጣት ሌዘሩን ያውቃል እንጂ ድር ሲበጠስ በምን ቋጠሮ እንደሚቀጠል፣ ዳሩ እንዳይጠብ ማግ ምን ያህል ላላ ተደርጎ እንደሚገባ አያውቅም። ይህን የሚያውቀው ሸማኔው ነው። ስለዚህ ሥልጠናው ሲታሰብ የሸማኔው የማስተማሪያ ክፍያ ከኮምፔንሳቶው ዋጋ ቀድሞ በበጀቱ ይጻፍ። ለይስሙላ ተጋብዞ ፎቶ ተነሥቶ የሚሄድ እንግዳ አይሁን።

ንድፉን የሚሠሩ ሊቃውንትም የሉንም አንልም። ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ከተከፈተ ጀምሮ ጨርቃ ጨርቅ በአገራችን በትምህርት ሲሰጥ ኖሯል። ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ተቋም አለ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ኮምቦልቻ ላይ በዚሁ ዘርፍ መሐንዲሶችን ያሠለጥናል፤ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤታችን ነው። ድር መክፈያን መንደፍ ለእነዚህ ተቋማት ተማሪዎች ቀላል የቤት ሥራ ነው። ፋይሉ አንዴ ከተነደፈ በፍላሽ ተይዞ የትም ይሄዳል።

ፋይሉን አንድ ማሽን ላይ ብቻ እንዳናስቀምጠው ግን አደራ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በዚህ አካባቢ ያለፈውን ጦርነት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቆቦ መብራትና ባንክ አጥታ ወራት አሳልፋለች፤ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ተዘርፏል። ማሽን ይዘረፋል፣ ይሰበራል። ፋይሉ በብዙ ሰው እጅ ከተበተነ፣ ሙያው በብዙ ልጅ ጣት ከገባ ግን መልሶ መጀመር ይቻላል። ሌዘር እስኪገኝም ሥራ አይቆምም፤ ቀጭን መቃ ሰንጥቆ፣ መሐሉን በጋለ ወስፌ በስቶ፣ ጫፍና ጫፉን በሁለት እንጨት መካከል አስሮ ድር መክፈያ መሥራት ይቻላል። አዝጋሚ ነው፤ ግን ይሠራል።

የመጨረሻው ነጥቤ ገበያው ነው። ብዙ ሥልጠና የሚሞተው የተሠራው ዕቃ ለማን እንደሚሸጥ ሳይታሰብ ስለሚጀመር ነው። የቆቦ ገበያ ግን ቀኑ የታወቀ ነው። ሰቆጣ ላይ ሻደይ፣ ላሊበላ ላይ አሸንድዬ፣ እኛ ዘንድ ሶለል የሚባለው የልጃገረዶች በዓል የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ይከበራል። ልጃገረዶች ሹሩባ ተሠርተው፣ ቀሚስ ለብሰው፣ ወገባቸውን ታጥቀው፣ ከበሮ ይዘው በቡድን ይወጣሉ። መቀነት፣ የፀጉር ማሰሪያ፣ የከበሮ ማንገቻ፤ እነዚህ ሁሉ በድር መክፈያ ሰሌዳ የሚሠሩ ጠባብ ሽመናዎች ናቸው። ነጠላና ጋቢ ሠርተን ከጉድጓዱ ሸማኔ ጋር አንሻማም። ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የሚገዛውን ጥብጣብ ነው የምንሠራው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። እናንት የኮሌጅና የትምህርት ቤት ኃላፊዎች፣ ትምህርት በሰኔ ሲዘጋ አንድ ክፍል ክፈቱ። ክረምቱ የእርሻና የአረም ጊዜ ስለሆነ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ አይለቀቁላችሁም፤ ሥልጠናውን ከሰዓት በኋላ አድርጉት። እናንት አናጺዎች፣ ፍሬሙን ሥሩ። እናንት የዩኒቨርሲቲ ወጣቶች፣ ፋይሉን ንደፉና ለሁሉም በነፃ ስጡ። እናንት እናቶች፣ ፈትላችሁን ለልጆቹ በተገቢ ዋጋ ሽጡላቸው እንጂ በምፅዋት አትስጡ፤ ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን ይማሩበት። እናንት አባቶች ሸማኔዎች፣ ስትጠሩ ኑ። ስትመጡም በክፍያ ኑ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ድር ስታደራ ብታገኟት ከቤት ሥራ ሰነፈች ብላችሁ አትቆጧት።

ሰሌዳውን ሌዘር ይቁረጠው፣ መቃም ይሁን፤ ለእኔ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ለሚመጣው ሶለል የሚታጠቀው መቀነት ቆቦ ላይ በቆቦ ልጆች እጅ ተሸምኖ ለገበያ ይቅረብ። ሥራው የሚለካው በዚህ ነው።